የታደሰ የኤሌክትሪክ ባቡር በሁሉም መስመር የማይሄደው ለምንድን ነው?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ባሕር ዳር የሚኖሩ አንድ ጠያቂ፣ በአውሮፓና በጃፓን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠራተኛ ከከተማ ዳርቻ ሲያመላልሱ የኖሩ የኤሌክትሪክ ባቡሮች በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ እንደሚሸጡ አንብበው፣ «እነዚህን ገዝተን፣ እዚሁ ጣና ዳር ወርክሾፕ አቋቁመን ብናድሳቸው፣ ወደፊት ከባሕር ዳር በወረታ ወደ ጎንደርና ወደ ወልዲያ በሚዘረጋው ሐዲድ ላይ ልናሰማራቸው አንችልም ወይ? ደግሞስ አንድ ባቡር እንደ አዲስ ከታደሰ በኋላ በዚህ መስመር ሂድ፣ በዚያ አትሂድ እየተባለ ገደብ የሚጣልበት ለምንድን ነው?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ሁለተኛውን ጥያቄ አስቀድሜ እመልሳለሁ፤ የመጀመሪያው መልስ የሚወጣው ከእሱ ውስጥ ስለሆነ ነው። በሙያዬ የባቡር ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር በመሆኑ ጥያቄው ለእኔ የሙያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በከተማችን ባቡር ሲያልፍ ማየት ከልቤ እመኛለሁ፤ ነገሩን ሳላለዝብ እንዳለ ለማስረዳት የምሞክረውም ስለዚህ ነው።

መኪና ሰሌዳውን ለጥፎና የዓመቱን ምርመራ አልፎ ቦሎውን ካገኘ ከሞላ ጎደል በየትኛውም መንገድ ላይ ይሄዳል። ባቡር ግን ብቻውን ፈቃድ አያገኝም፤ የሚፈቀድለት ከአንድ ከታወቀ መስመር ጋር ተጣምሮ ነው። ፈቃዱ የጥንዱ ነው ማለት ነው፤ ይህ ባቡር፣ በዚህ ሐዲድ ላይ፣ በዚህ ፍጥነት፣ ይህን ያህል ፉርጎ ስቦ እንዲሄድ ተፈቅዶለታል ተብሎ ይጻፋል። እድሳት የሚነካው ከጥንዱ አንዱን ብቻ ነው። ወንበሩ ቢቀየር፣ ሞተሩ ቢለወጥ፣ ቀለሙ ቢያበራም ዋሻው አልሰፋም፣ ድልድዩ አልጠነከረም፣ በሽቦው ውስጥ የሚመጣው ቮልቴጅም አልተቀየረም። ስለዚህ ገደቡ የእርጅና ቅጣት ተደርጎ መታየት የለበትም። አዲስ ባቡርም ገደብ አለው፤ ልዩነቱ አዲሱ ባቡር የሚታዘዘው ለሚሄድበት መስመር ተለክቶ ስለሆነ ገደቡ ለመንገደኛው ሳይታይ መቅረቱ ነው።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። አዲስ አበባ ላይ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡርና በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር የሐዲዳቸው ስፋት እኩል 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንዱ መንኮራኩር በሌላው ሐዲድ ላይ ቢቀመጥ ይንከባለላል። ሆኖም የከተማው ባቡር የሚሠራው በ750 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሲሆን የጅቡቲው መስመር ሽቦ የተሸከመው 25,000 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው፤ የመጀመሪያው ፓንቶግራፉን፣ ማለትም ከጣሪያው ተነሥቶ ከሽቦው ኤሌክትሪክ የሚቀበለውን ክንድ፣ ወደ ሁለተኛው ሽቦ ቢያነሣ ዕቃው ሁሉ በቅጽበት ይቃጠላል። በሌላ ሎኮሞቲቭ ቢጎተት እንኳ፣ አካሉ የተሠራው ከራሱ መሰሎች ጋር በከተማ ውስጥ እንዲሄድ እንጂ የከባድ ጭነት ባቡርን ግፊትና ግጭት እንዲቋቋም አይደለም። ሁለቱም አዲስ ሆነው ሳለ አንዱ በሌላው መስመር ላይ መሄድ አይችልም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የምድር ባቡር ሐዲድ ደግሞ ስፋቱ 1,000 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለነበረ የእሱ ተሽከርካሪዎች በአዲሱ ሐዲድ ላይ መቆም እንኳ አይችሉም።

አሁን ወደ ታደሱት እንምጣ። ገደብ ምን ያህል ጽኑ እንደሆነና አንዳንዴም ለአሮጌ ባቡር ሁለተኛ ዕድሜ እንደሚሰጥ ከእንግሊዝ ዋይት ደሴት የተሻለ የሚያሳይ ቦታ አላውቅም። በዚያ ደሴት ራይድ በምትባለው ከተማ ሥር ጣሪያው ዝቅ ያለ የባቡር ዋሻ አለ፤ በዋናው ምድር የሚሄዱት መደበኛ ባቡሮች አይገቡበትም። እ.ኤ.አ. በ1967 መስመሩ በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ሲደረግ መፍትሔ የሆነው ከለንደን የመሬት ውስጥ ጠባብ ዋሻዎች የወጡትን፣ ቁመታቸው አጭር የሆነ አሮጌ ባቡሮች ማምጣት ነበር። ከእነዚህ የመጨረሻዎቹ፣ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ የተሠሩት፣ እስከ ጥር 2021 ድረስ መንገደኛ አመላልሰዋል። በኅዳር 2021 የተተኳቸውም ከለንደን የመጡ ሌሎች ያገለገሉ ባቡሮች ናቸው፤ መጀመሪያ የተሠሩት በ1980 አካባቢ ሲሆን አካላቸው አሉሚኒየም በመሆኑ ዝገት ስላልበላው በአዲስ ሞተርና በአዲስ ኤሌክትሮኒክስ ሊታደሱ ችለዋል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ዋሻው ተለካ፤ ከዚያ ባቡሩ ተፈለገ።

የመስመሩን ቦታ መለካት ሲባል ከፍታና ስፋትን በሜትር መለካት ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ባቡር ኩርባ ላይ ሲገባ ከራሱ ስፋት በላይ ቦታ ይወስዳል። ርዝመቱ 20 ሜትር የሆነ ፉርጎ በሁለት ቦጊዎች (መንኮራኩሮቹን በያዙ የሚዞሩ ጋሪዎች) ላይ ሲቀመጥ፣ የቦጊዎቹ ርቀት ከመሐል እስከ መሐል 14 ሜትር ቢሆንና የኩርባው ራዲየስ 200 ሜትር ቢሆን፣ የፉርጎው ወገብ ወደ ኩርባው ውስጥ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ይገባል፤ ጫፎቹ ደግሞ ወደ ውጭ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወጣሉ። በዚህ ላይ የስፕሪንጉ መወዛወዝ፣ የመንኮራኩሩ መበላትና የሐዲዱ መዘንበል ይጨመራል። ባቡሩ ተወልዶ ባደገበት አገር ያሉት የጣቢያ መሳፈሪያ መድረኮች የታነጹት ለዚያው ፉርጎ ስለሆነ ችግሩ አይታይም፤ በሌላ አገር መድረክ ላይ ግን ወይ ይፈትጋል፣ ወይ ደግሞ በበሩና በመድረኩ መካከል ሕፃን ልጅ ሊገባበት የሚችል ክፍተት ይተዋል።

የዋሻ ነገር ከተነሣ አንድ ነጥብ ልጨምር። ከለንደን መሐል ሙርጌት ከሚባለው ጣቢያ የሚነሣው የድሮ መስመር ዋሻው እጅግ ጠባብ በመሆኑ አደጋ ቢደርስ መንገደኛ በጎን በር ወጥቶ መቆሚያ የለውም። ስለዚህ በዚያ መስመር እንዲገቡ የሚፈቀድላቸው በባቡሩ ፊትና ኋላ ጫፍ መውጫ በር ያላቸው ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ለዚህ ተብለው የተሠሩት ባቡሮች ከዋሻው ሲወጡ ድሬይተን ፓርክ በሚባል ጣቢያ ቆመው ከሦስተኛው ሐዲድ (ከመንኮራኩሮቹ ጎን ኤሌክትሪክ ከሚያስተላልፈው) 750 ቮልት ወደ ላይኛው ሽቦ 25,000 ቮልት ይቀይሩ ነበር። የፊት በር የሌለውን ሌላ ባቡር የቱንም ያህል ቢያድሱት ወደዚያ ዋሻ አይገባም።

ብዙ ሰው የማይጠብቀው፣ በሙያችን ግን ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሣው ገደብ ደግሞ በዓይን አይታይም። በብዙ መስመሮች የምልክት መብራቱ ባቡር መኖር አለመኖሩን የሚያውቀው በሐዲዱ ውስጥ በሚላክ ደካማ ኤሌክትሪክ ነው። ሐዲዱ በክፍል በክፍል ይከፈላል፤ ከአንዱ ጫፍ የተላከው ኤሌክትሪክ በሌላው ጫፍ ያለውን ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚነሣና የሚወድቅ ማብሪያ) አንሥቶ ከያዘ መንገዱ ባዶ ነው ማለት ነው። ባቡር ሲገባ አክስሎቹ ሁለቱን ሐዲዶች ስለሚያገናኙ ኤሌክትሪኩ ሪሌው ዘንድ ሳይደርስ ይመለሳል፤ ሪሌው ይወድቃል፣ መብራቱም ቀይ ይሆናል። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ ሽቦ ቢበጠስ ወይም ኃይል ቢቋረጥም መብራቱ ወደ ቀይ ያዘነብላል። ችግሩ ባቡሩን የሚጎትተው ትልቁ ኤሌክትሪክም ወደ ማከፋፈያ ጣቢያው የሚመለሰው በዚያው ሐዲድ መሆኑ ነው።

የድሮዎቹ ባቡሮች ሬዚስተሮችን በደረጃ እያወጡና እያስገቡ ሞተሩን ስለሚቆጣጠሩ ወደ ሐዲዱ የሚለቁት ረብሻ ከአስርት ዓመታት ልምድ የታወቀ ነበር። ሲታደሱ ግን ብዙ ጊዜ የቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሞተራቸው ይወጣና በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሞተርና ቀጥተኛውን ወደ ተለዋዋጭ በሚቀይር ኢንቨርተር ይተካል። ኢንቨርተር በሰከንድ በመቶዎችና በሺዎች ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ነው የሚሠራው፤ የሚለቀውም ረብሻ ፍጥነቱ በተለወጠ ቁጥር ይለዋወጣል። ከእነዚህ ሞገዶች አንዱ ከሐዲዱ ሪሌ ፍሪኩዌንሲ ጋር ቢገጥም፣ ባቡር ቆሞ ሳለ ሪሌው ሊነሣና ከኋላ ለሚመጣው አረንጓዴ ሊበራ ይችላል። ከዚህ የሚብስ ስህተት በባቡር ሥራ የለም። ስለዚህ የታደሰው ባቡር በእያንዳንዱ መስመር ካለው የምልክት ዓይነት ጋር እንደማይጋጭ በስሌትና በሙከራ እስኪረጋገጥ ድረስ፣ ከመታደሱ በፊት በነፃነት ይሄድበት በነበረው መስመር ላይ እንኳ ሊከለከል ይችላል። እድሳቱ ራሱ ገደብ ይወልዳል ማለት ነው። ባቡሩ ከተሻሻለ በኋላ ለምን ይከለከላል ለሚለው የጠያቂያችን መገረም ዋናው መልስ ይህ ይመስለኛል።

የኃይል አቅርቦቱም የራሱን ድርሻ ይይዛል። 1,500 ኪሎ ዋት የሚወስድ ባቡር በ25,000 ቮልት መስመር ላይ 60 አምፔር ያህል ይስባል፤ በ750 ቮልት ላይ ግን ያው ኃይል 2,000 አምፔር ይሆናል። ስለዚህ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ባላቸው መስመሮች የማከፋፈያ ጣቢያዎቹ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ይደረደራሉ፤ ታድሶ ጉልበት የጨመረ ባቡርም ጣቢያዎቹ ከሚችሉት በላይ እንዳይስብ ኃይሉ በሶፍትዌር ይገደባል። ከጀርመን፣ ከስዊዘርላንድና ከኦስትሪያ የሚወጡት ባቡሮች ደግሞ የተሠሩት ለ15,000 ቮልትና ለ16.7 ኸርዝ ነው። ፍሪኩዌንሲው ዝቅ ሲል የትራንስፎርመሩ ብረት መግዘፍ ስላለበት እነዚህ ባቡሮች ከባድ ትራንስፎርመር ተሸክመዋል። ወደ 25,000 ቮልትና 50 ኸርዝ ለመለወጥ ትራንስፎርመሩን፣ የጣሪያውን ብሬከርና ኢንሱሌተሮቹን ጭምር መንካት ግድ ይላል። እዚያ ላይ ሲደረስ «ርካሽ» የሚለው ቃል ትርጉሙን ያጣል።

ያገለገለ ባቡር ማምጣት በትክክል የሠራበት ቦታ የለም ማለቴ ግን አይደለም። ጃካርታ እ.ኤ.አ. በ2000 ከቶኪዮ 72 ፉርጎዎች በስጦታ ተቀብላ ጀመረችና ከዚያ በኋላ በግዢ ብዙ የጃፓን የከተማ ባቡሮችን አስገብታ ለዓመታት እጅግ ብዙ ሕዝብ አመላልሳባቸዋለች። ለምን ተሳካላት? የጃካርታ ሐዲድ ስፋት እንደ ጃፓን መደበኛ መስመሮች 1,067 ሚሊ ሜትር፣ ኤሌክትሪኩም እንደ ቶኪዮ አካባቢ 1,500 ቮልት ቀጥተኛ ስለነበረ ነው። ጥንዱ አስቀድሞ የተገጣጠመ ነበር። ሌላው ምክንያት አንድ ዓይነት ባቡር በብዛት መምጣቱ ነው፤ መለዋወጫ፣ የመካኒክ ሥልጠናና የጥገና መጽሐፍ አንድ ጊዜ ተዘጋጅቶ ለሁሉም ያገለግላል።

እንግዲህ ወደ እኛ ምድር ልመለስ። በአገሪቱ የባቡር መረብ ዕቅድ ባሕር ዳር ከወረታ፣ ወረታም በአንድ በኩል ከወልዲያ፣ በሌላ በኩል ከጎንደር አቅጣጫ ጋር ትገናኛለች። ሐዲዱ ዛሬ የለም። ነገር ግን ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወልዲያ አጠገብ ወዳለችው ሐራ ገበያ የተዘረጋው መስመር 1,435 ሚሊ ሜትርና 25,000 ቮልት ስለሆነ፣ ከእሱ ጋር የሚገናኝ የኛ መስመር ከዚህ የተለየ ይሆናል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ይህ ብቻውን የጃፓንን፣ የሆላንድን፣ የጣሊያንንና የጀርመንን አብዛኛውን አሮጌ የከተማ ባቡር ከዝርዝሩ ያስወጣል። የሚቀሩት ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይ ሰሜን፣ ከዴንማርክና ከመሰሎቻቸው፣ በ25,000 ቮልት ሲሠሩ የነበሩት ናቸው።

ከባሕር ዳር እስከ ወረታ ያለው ከሞላ ጎደል ሜዳ ነው፤ የፎገራ ሜዳ። በዚህ ላይ ለከተማ ዳርቻ የተሠራ ባቡር እንደ ልቡ ይሄዳል፤ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ መቆምና መነሣት የተፈጠረበት ሥራ ነው። የማያስተማምነው ክረምቱ ነው። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳውን እንደሚያጥለቀልቁት የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል። የእነዚህ ባቡሮች ሞተር ቦጊው ላይ፣ ከሐዲዱ ብዙም ሳይርቅ የተንጠለጠለ ነው፤ ውሃ ከሐዲዱ አናት በላይ ከወጣ በዚያ ላይ ማሳለፍ ሞተሩን መግደል ነው። ስለዚህ የመስመሩ መደብ ከጎርፉ በላይ እንዲነሣ በንድፉ ላይ ካልተወሰነ ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚጸና የወቅት ገደብ ይኖራል።

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ስንወጣ ነገሩ ይለወጣል። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ላይ ስትገኝ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። መስመሩ በ2 በመቶ ዳገት ቢነደፍ 900 ሜትሩን ለመውጣት 45 ኪሎ ሜትር ያህል ያለ ፋታ መውጣት አለበት። መንገደኛን ጨምሮ 150 ቶን የሚመዝን ባቡር ይህን ዳገት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ወደ 750 ኪሎ ዋት ያለማቋረጥ ያስፈልገዋል። የአንድ አራት ፉርጎ አሮጌ የከተማ ባቡር ጠቅላላ ጉልበት 1,000 ኪሎ ዋት ግድም በመሆኑ ይበቃል ሊባል ይችላል። ነገር ግን የከተማ ባቡር ሞተር የተለካው ለአንድ ደቂቃ ገፍቶ፣ ለሁለት ደቂቃ እየተንከባለለ እንዲቀዘቅዝ ነው። ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳያርፍ እንዲገፋ ሲገደድ ሙቀቱ እየተጠራቀመ ኢንሱሌሽኑን ይበላዋል።

የበለጠ የሚያስፈራኝ ግን ቁልቁለቱ ነው። ያው 150 ቶን 900 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 370 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠጋል። ባቡሩ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ አንድ ጊዜ ለመቆም ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት ከ16 ኪሎ ዋት ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ አንድ ጊዜ መውረድ፣ ሐዲዱና አየሩ የሚበሉትን ጥቂቱን ብንቀንስ እንኳ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ ሃያ ጊዜ ያህል ሳያቀዘቅዙ ከመቆም ጋር ይመጣጠናል። ፍሬኑ በመንኮራኩሩ ጠርዝ ላይ የሚጫን ዓይነት ከሆነ መንኮራኩሩ በሙቀት ይሰነጠቃል። መፍትሔው ሞተሩን ወደ ጄኔሬተር ለውጦ ኃይሉን ወደ ሽቦው መመለስ ነው፤ ብዙዎቹ አሮጌ ባቡሮች ግን ይህ ችሎታ የላቸውም። በእድሳቱ ቢጨመርላቸውም ሽቦው ላይ ያንን ኃይል የሚቀበል ሌላ ባቡር ወይም የሚቀበል ማከፋፈያ ጣቢያ መኖር አለበት። ካልሆነ ቁልቁለቱን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እንዲወርድ የሚያዝ ገደብ ይጻፍበታል፤ እኔ ኃላፊ ብሆን ያለማመንታት እጽፈው ነበር።

ከፍታው ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ባሕር ዳር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 80 በመቶ ያህል፣ ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ 72 በመቶ ያህል ነው። ስስ አየር ሁለት ነገር ያበላሻል። አንደኛ፣ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞር የሚገፋው አየር ክብደቱ ስለሚያንስ ትራንስፎርመሩና ኮንቨርተሩ በሚገባ አይቀዘቅዙም። ሁለተኛ፣ አየር እንደ ኢንሱሌተር የመከላከል አቅሙ ከ1,000 ሜትር በላይ በየመቶ ሜትሩ በ1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ 25,000 ቮልት ተሸክሞ ከጣሪያው ብዙም ያልራቀ መዳብ በለንደን ዝናብ ሳይፈነጥቅ ኖሮ በእኛ ደጋ ሊፈነጥቅ ይችላል። የባቡር ዕቃ በአብዛኛው የሚመረተው እስከ 1,000 ወይም 1,400 ሜትር ከፍታ ተብሎ ነው። ስለዚህ እድሳቱ የጣሪያውን ኢንሱሌተሮች ማስረዘምንና የማቀዝቀዣውን አቅም ማሳደግን ካላካተተ ባቡሩ ከተጻፈለት ጉልበት በታች እንዲሠራ ይገደባል። የደጋው ቅዝቃዜ ጥቂት ያግዛል፤ የጎደለውን ሁሉ ግን አይሞላም።

ስለ ባቡሩ የእርጅና ነገርም ሳልናገር አላልፍም። ዕድሜው 35 ዓመት የሆነ ባቡር ሲገዛ በመጀመሪያ የሚታየው ቀለሙና ወንበሩ ነው፤ እነዚህ ግን ከሁሉ የሚቀልሉት ናቸው። እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ሽቦዎቹ ነው። በአንድ ወርክሾፕ ውስጥ ስሠራ፣ ሁለት ክረምት ውጭ የቆሙ ፉርጎዎች ሲገቡ በሜገር (የኢንሱሌሽንን ጥንካሬ በሚለካ መሣሪያ) ለክተናቸው ነበር፤ ሞተሮቹ እርጥበት በመጠጣታቸው ንባቡ ከሚፈቀደው በታች ሆኖ ለቀናት በሙቀት ማድረቅ ግድ ሆነብን። ሞተሩስ ደረቀ፤ ከወለሉ ሥር የተዘረጋው ገመድ ግን ሲነካ ልባሱ እንደ ደረቀ እንጀራ ይፈረፈር ነበር። ሙሉውን ገመድ አውጥተን አዲስ ዘረጋን፤ ለገመዱ የጠፋው ጊዜ ለሞተሩ ከጠፋው ይበልጥ ነበር። የቦጊው ብየዳ በአልትራሳውንድ ወይም በማግኔት መመርመር አለበት፤ በሮቹ ሥር ያለው ብረት ከውስጥ መዛጉ መታየት አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና ከዚያ በፊት በተሠሩት ላይ አስቤስቶስ መኖር አለመኖሩ ሳይረጋገጥ ማንም ሠራተኛ ግድግዳውን መክፈት የለበትም።

በዚህ መንገድ የሄዱት ሁሉ ግን ተሳክቶላቸዋል ማለት አይደለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የተሠሩ፣ በሁለት ቮልቴጅ የሚሄዱ 86 ባቡሮች ነበሯቸው። ለንደንን አቋርጠው ካገለገሉ በኋላ ከ2015 ጀምሮ ጥቂቶቹ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሊቨርፑልና ማንቸስተር ተዛውረው በ25,000 ቮልት ብቻ በጥሩ ሁኔታ ሠርተዋል፤ መስመሩ ይስማማቸው ነበርና። ከዚያ ግን ሽቦ በሌለበትም እንዲሄዱ ከወለላቸው ሥር የናፍጣ ሞተር እንዲገጠምላቸው ተወሰነ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከብዙ መዘግየት በኋላ በዌልስና በሰሜን እንግሊዝ ሥራ ጀመሩ። ለሌላ አካባቢ የታዘዙት 19 ግን ከዓመታት ሙከራ በኋላ አንድ መንገደኛ ሳይጭኑ በ2022 መጨረሻ ተሰረዙ። ባቡሩ ያው ባቡር ነው። ሲሠራ ለተመሳሳይ መስመር ነበር፤ ሲያቅተው ያልተፈጠረበትን ተጠይቆ ነበር።

አሁን የመጀመሪያውን ጥያቄ መመለስ እችላለሁ። ከባሕር ዳር እስከ ወረታ፣ ምናልባትም እስከ አዲስ ዘመን ድረስ ባለው ሜዳ ላይ፣ በ25,000 ቮልት የሠራና አካሉ ያልዛገ ያገለገለ የከተማ ባቡር ማሰማራት በምህንድስና ረገድ ይቻላል። ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልዲያ ግን ለዳገት የተሠራ ሌላ ባቡር ያስፈልጋል፤ አሮጌውን በእድሳት ወደዚያ ማስገደድን አልመክርም። የሚገዛውም ዓይነቱ አንድ መሆን አለበት፤ ከሚሰማራው በላይም ለመለዋወጫ የሚፈቱ ተጨማሪ ፉርጎዎች አብረው መምጣት አለባቸው። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር 41 ባቡሮች ኖረውት ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት መቆማቸው፣ አዲስ የተገዛ ባቡር እንኳ ያለ መለዋወጫ ዕቅድ እንደማይዘልቅ ያሳየናል።

ወርክሾፑን በተመለከተ፣ ሐዲድ ሳይደርስ ሙሉ ፉርጎ ወደ ባሕር ዳር ማምጣትን አልደግፍም። ጣናነሽ ሁለት የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጭና እስከ ጣና ስትመጣ የተከታተለ ሰው፣ ረጅም ዕቃን በኩርባና በድልድይ ማሳለፍ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል። ከዓባይ አሮጌው ድልድይ ላይ ከባድ መኪኖች ተራ ጠብቀው አንድ በአንድ ሲያልፉ ያየም የመስመር ገደብ ምን እንደሆነ ከእኔ ማብራሪያ አስቀድሞ ተረድቶታል። ፉርጎው ሐዲድ ባለበት ይታደስ፤ ወደ እኛ የሚመጡት የተፈቱት ክፍሎች ይሁኑ። ሞተር መጠምጠም፣ ኮንቨርተር መገጣጠምና መፈተሽ፣ የገመድ ጥቅል ማዘጋጀት፣ ወንበርና የውስጥ ልባስ መሥራት ሐዲድ የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ በ1950ዎቹ ከተመሠረቱት ከፖሊ ቴክኒክና ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጀምሮ ሞተር የሚጠመጥሙና ማሽን የሚያስነሡ እጆች በከተማችን አሉ።

ጠያቂያችን ይህን ሐሳብ በእውነት ለመግፋት ካሰቡ የሻጮችን ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት የመስመሩን መዝገብ ያስጀምሩ። ከባሕር ዳር እስከ ወረታ የሚታሰበው እያንዳንዱ ኩርባ ራዲየሱ፣ እያንዳንዱ ዳገት መቶኛው፣ ርብና ጉማራ ከፍ ያሉባቸው የክረምት ልኮች፣ የመድረኩ ከፍታና ከሐዲዱ ያለው ርቀት፣ የምልክቱ ዓይነትና ፍሪኩዌንሲው፣ የማከፋፈያ ጣቢያዎቹ አቅም በአንድ ሰነድ ይጻፉ። የከፍታና የጎርፍ ልኩን የምህንድስና ተማሪዎች በአንድ በጋና በአንድ ክረምት ሊሰበስቡት ይችላሉ፤ የሚቀረውን የሚወስነው የመስመሩ ንድፍ ነው። ሰነዱ በእጅዎ ሲሆን ለሻጩ የሚያቀርቡት ጥያቄ አጭር ይሆናል፤ የፉርጎው ርዝመትና የቦጊዎቹ ርቀት፣ የእያንዳንዱ አክስል ክብደት፣ የሞተሩ የማያቋርጥ ጉልበት፣ የፍሬኑ ዓይነት፣ የመጨረሻው የሜገር ንባብና የቦጊ ምርመራ ውጤት፣ እንዲሁም ባቡሩ እስከ ዛሬ በየትኞቹ መስመሮች ላይ እንዳይሄድ እንደተከለከለና ለምን እንደተከለከለ የሚያሳየው ወረቀት። ይህን የመጨረሻውን ወረቀት ሊያሳይ ፈቃደኛ ካልሆነ ሻጭ አይግዙ።